ሁለት እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ቅቤ

ናዝሬት፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ ነገሪ፣

የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እዚህ ነፋሱ ጀምሯል፤ አቧራው እንጀራው ላይ ሳይቀር ነው።

እንደ ሌላው ጊዜ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጽፍልህ አልቻልኩም። እማዬ ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት ስትነሳ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት፤ አንደበቷም ተሳሰረ። ሐኪም ቤት ወስደናት ነበር። እረፍት ያስፈልጋታል አሉን። በግራ እጇ ትጠራኛለች፣ አንዳንዴም ትስቃለች። አትደንግጥ።

ጋሽ ራህመቶ የጭነት መኪናቸውን ይዘው ወደ አሰብ እንደሚወርዱ ሲነግሩን፣ እማዬ ዓይኗን ወደ ቅቤው ዕቃ አዞረች። ገባኝ፤ ጭኮህን ነው። ጋሼ፣ እኔ ጭኮ ለውሼ አላውቅም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፣ ግን እሷ መቼ ትለካለች? እጇ ነው የሚያውቀው። ቅቤው ከበዛ አሰብ ሳይደርስ ቀልጦ ይፈሳል፤ ካነሰ እንደ አሸዋ ይበተናል። ከተበላሸብኝ ደግሞ ሌላ ቅቤ የለንም።

ምን ያህል ላድርግ ብዬ ስጠይቃት ወደ ገብሱ ዱቄት ጠቆመችና ሁለት ጣት አነሳች። ወደ ቅቤው ጠቆመችና አንድ።

ሁሉንም ለማቀላቀል ፈርቼ መጀመሪያ በሲኒ ሞከርኩ። ሁለት ሲኒ ዱቄት፣ አንድ ሲኒ የቀለጠ ቅቤ። ስጨብጠው በጣቶቼ መሃል ተበተነ። እማዬ ጭኮዋን ከረሳች እኛንም እየረሳችን ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ዱቄቱ ላይ አለቀስኩ።

እትዬ ዙለይካ፣ ጎረቤታችን፣ ሊጠይቋት ሲገቡ አዩኝ። ጭሱ ነው አልኳቸው፤ አላመኑኝም። ደግሜ እንድሰፍር አዘዙኝና ቆመው ሲያዩ ቆዩ።

«አንቺ ልጅ፣ ዱቄቱን እንደ ገበያ ቆልለሽ ሰፈርሽው። ቅቤ ምን ቁልል ያወጣል? ለአንዱ መርቀሽ ለሌላው ነፈግሽ እኮ» አሉና ሳቁብኝ።

እውነታቸውን ነው። ሳልቆልል መስፈር ስስት ይመስለኛል፤ እጄ ሳላዘው ነው የሚቆልለው። ዱቄቱን በቢላዋ ጀርባ ከሲኒው አፍ ላይ ጠረግሁት። ለወስኩት፤ ያዘ። ለእማዬ አቀመስኳት። ዓይኗን ጨፍና ቆየችና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

አልተሳሳተችም ነበር፣ ጋሼ። ሁሉም ነገር እዚያው ውስጧ አለ።

የቀረውን ቅቤ በትንሿ የቲማቲም ጣሳ ስሰፍረው ሦስት ጣሳ ተኩል ሆነ። ለዚያ ስንት ዱቄት እንደሚገባ የነገረኝ የለም፤ ሁለቱን ጣቶቿን አስቤ ሰባት ጣሳ አደረግሁ። በሲኒ የያዘው በጣሳ እምቢ ቢልስ ብዬ እየፈራሁ ለወስኩ። ያው ሆነ። ጣዕሙም ያው።

ለአንድ ጉርሻም፣ አብረውህ ላሉት ወታደሮች በሙሉም፣ ያው ሁለትና አንድ ናቸው። የቆቃን ሐይቅ የሚያህል ጭኮ የሚለውስ ቢገኝ እንኳ ከዚያ የተለየ አይጠይቀውም። ይህን ሳስብ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ለሌላ ሰው አልተናገርኩም፤ ይስቁብኛል።

ጭኮው በብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሙቀቱ ካላላው በጥላ አቆየው፤ መልሶ ይረጋል። ፈቃድ የሚሰጡህ ከሆነ ግን እስከ ፋሲካ አትቆይ። ቶሎ ና።

ጥላ በሌለበት አገር ፈጣሪ ጥላ ይሁንህ። እትዬ ዙለይካም በዱዓቸው ያስቡሃል።

ቆርቆሮውን ልከድን ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ። ላዩ ላይ የምታየው የአውራ ጣት ምልክት የሷ ነው፤ በግራ እጇ ተጫነችው። እሱን መጨረሻ ብላው።

እህትህ ቡዜ