ያልተለካው ጠበል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ መካነ ሰላም

እማማ አስካለን ዛሬ ወደ ጤና ጣቢያችን በቃሬዛ አመጧቸው። ፊታቸው አብጧል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ኩላሊታቸው ስለደከመ ውሃ በልክ እንዲጠጡ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። የቀኑን ልክ በጠርሙስ ላይ አስምሬ ሰጥቻቸው ነበር። ልጃቸው ጠርሙሱን ይዛ መጥታለች።

"ከመስመሩ አልፈው አያውቁም፣ ሲስተር" አለችኝ። አልዋሸችም። ግን በየጠዋቱ በባዶ ሆዳቸው ጠበል ይጠጣሉ፣ ያውም በትልቅ ጣሳ። ጠበሉን ከውሃ አልቆጠሩትም።

የሚያንገበግበኝ እኔ ማወቄ ነው። ባለፈው ወር ቤታቸው ስሄድ የጠበሉን ጀሪካን አይቼዋለሁ። ሙስሊም ሆኜ በሃይማኖታቸው የገባሁ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ዝም አልኩ።

ወደ ደሴ የሚወስዳቸው አምቡላንስ እስኪመጣ እጃቸውን ይዤ ይህንኑ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን በግድ ገልጠው አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ ያኔ ብትነግሪኝ ቄሱን እጠይቅ አልነበር? ለበሽተኛ አንድ ጉንጭም ይበቃል ይሉ ነበር እኮ።"

አምቡላንሱ መጥቶ ወሰዳቸው። ጠርሙሱን ግን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ሄደዋል።