ከሐጅ በፊት የእንግሊዝኛ አፉታ

ይድረስ ለእህቴ ለነሲባ፤ ናይሮቢ።

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል እህት ዓለም? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ለቀቀሽ ወይ? ሱቁስ፣ ጎረቤቱስ ሰላም ነው? ኢዘዲን በቁመት አለፈሽ ሲሉ ሰማሁ፤ ማሻአላህ፣ ዓይን አያግኘው። ኢብቲሳምስ ጥርሷ በቀለላት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉን ሊሰብረው ደርሷል።

በየጁምዓው በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ብጀምረው ትስቂብኛለሽ፤ እኔም ስቄ አልፈዋለሁ። ይሄ ደግሞ በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። ጽፌ ስጨርስ ልጄ ዓሪፍ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

እንደነገርኩሽ፣ ኢንሻአላህ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሐጅ እነሳለሁ። ሐጅ የሚሄድ ሰው የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይሄድም፤ ቤት ለቤት ዞሮ "አፉ በሉኝ" እያለ ይቅርታ ይጠይቃል። እኔም ድንበር የገፋሁበት ጎረቤት ስለሌለ በሁለት ቀን እጨርሳለሁ ብዬ ተዝናንቼ ነበር። አላህ ግን በኮራሁበት በእንግሊዝኛዬ በኩል መጣብኝ።

ዊንታ የምትባል አዲስ የእንግሊዝኛ መምህርት ከወልድያ ትምህርት ቤታችን ተመድባ መጥታለች። ልጅነቷን አትይ፣ ጨዋነቷ ሌላ ነው። ፈተና አብረን ስናርም፣ "ጋሼ፣ እስቲ ያስረዱኝ፤ መጽሐፉ 'እስማማለሁ' ለማለት 'አይ አግሪ' ይላል፣ እርስዎ ደግሞ 'አይ አም አግሪ' ይላሉ። መጽሐፉ ተሳስቶ ይሆን?" አለችኝ። እኔ ሞኙ ምን ብላት ጥሩ ነው? "አዎ ልጄ፣ የዘንድሮ መጽሐፍ ስህተት አያጣም" ብዬ እርፍ! እሷም አንገቷን ደፍታ ማረሟን ቀጠለች።

ነገሩ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ቅዳሜ ወልድያ ወጥቼ፣ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሦስት የሰዋስው መጽሐፍ አገላበጥኩ። ሦስቱም ከዊንታ ጋር ወገኑ። ያቺ "አም" እዚያ ቦታ ምንም ሥራ የላትም! ነሲባዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ልጅ አስቁሜ በዜማ "አይ አም አግሪ" ሳስብል የኖርኩት ስህተት ኖሯል። ግራና ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚስማማ ሰው ሁሉ በእኔ ስህተት ነው የሚስማማው። "ሺ" ብለው "ኤስ"ን የሚረሱትን፣ "ዲድ" ካሉ በኋላ "ዌንት" የሚሉትን በቀይ እስክሪብቶ ሳሳድድ ስንት ዘመን! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ታዲያ ይሄስ ሐቅ አይደለም ወይ? የቀድሞ ተማሪዎቼን አንድ በአንድ መዞር ጀመርኩ። ባጃጅ ነጂው ሞላ ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ "ጋሼ፣ እኔ በዚያው እንግሊዝኛ ሚስት አግብቼበታለሁ፤ አፉ ብያለሁ፣ ይልቅ ይመርቁኝ" አለኝ። ከመርሳ ፍራፍሬ እያመጣች ገበያችን ላይ የምትሸጠው፣ ቡርቱካን የምትባለው የቀድሞ ተማሪዬ ግን እንቢ አለች። የፓፓያ ሣጥን ገልብጣ አስቀምጣኝ፣ ውሃ ሰጥታኝ፣ "ልጄ አሁን እርስዎ ክፍል ናት፤ ትናንትም ያቺኑ ስትደግም ነበር። የእኔ ይቅርና ልጆቹ ፊት ካልተናገሩ አፉ አልልም" አለችኝ።

እውነቷን ነው። አዋቂውን ስዞር የከረምኩት ልጆቹን ፈርቼ ነበር፤ አዋቂ ይሉኝታ አለው። ማክሰኞ ክፍል ገባሁና ሰሌዳው ላይ "አይ አም አግሪ" ብዬ ጻፍኩ፤ "አም"ን ሰረዝኩና "ያስተማርኳችሁ ስህተት ነው፤ አፉ በሉኝ" አልኳቸው። ስልሳ ሁለት ልጅ ደብተሩን ገለጠ። ቆይቶ የቡርቱካን ልጅ እጇን አወጣችና፣ "ታዲያ ጋሼ፣ ልክ ጽፈን ኤክስ ያደረጉብንስ?" አለችኝ።

ደብተራቸውን ሰብስቤ ማርካቸውን መለስኩላቸው፤ እነሱም "አፉ ብለናል!" ብለው ጣሪያውን አነቃነቁት። አሁን አስተካክለው ይሏታል፤ ዜማው ግን አንድ እግር ጎድሎት ያነክሳል። ሲስቁ አብሬ ሳቅሁ። ግን ያቺ ልጅ ስትጠይቀኝ ፊቴ ድቅን ያልሽው አንቺ ነሽ።

ያ የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣው ፈረንጅ ትዝ ይልሻል? አባታችን ቤት ተቀምጦ ስለ ጉድጓዱ ቦታ ሀሳብሽን ሲጠይቅሽ፣ በአሥራ አምስት ዓመትሽ ቀና ብለሽ "አይ አግሪ" አልሽው። ሰው ሁሉ አንቺን ሲያይ፣ እኔ አዲሱ አስተማሪ ቀናሁ። "'አም'ን ፍየል በላችው?" ብዬ ቤቱን በሳቅ ሞላሁት። ሰፈሩም "ፍየል በላችው" የሚል ስም አወጣልሽ። ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድሽም፤ ከዚያም ወዲህ አልሄድሽም። እኔም ለአባታችን "ሰነፍ ናት" ብዬ ነገርኩት። ልክ የነበርሽው አንቺ ነበርሽ፣ ነሲባ። ፈረንጁ አልሳቀም ነበር፤ ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ለልጆቹ ማርካቸውን መለስኩ፤ ላንቺ ግን ምን እመልሳለሁ? ያለ አንቺ አፉታ ዐረፋ ላይ መቆም አፍራለሁ።

ባለቤቴ ሀስና እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሻለች፤ በርበሬሽን አስፈጭታ መንገደኛ እየፈለገች ነው። ዓሪፍ አክስቴን ሳሙልኝ ይላል። ባለቤትሽን በእኔ ስም ሰላም በይልኝ፤ ኢዘዲንን ጎንበስ አስብለሽ ግንባሩን፣ ኢብቲሳምን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ።

"አፉ ብዬሃለሁ" ማለት ከከበደሽ "አላልኩም" በይኝ፤ እሱም ሐቅሽ ነው። ዝም ብቻ አትበይኝ፤ በዚህ ነገር ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ብለሽኛል።

ወንድምሽ አብዱልሐሊም
ግራና፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.