ክዳን ያለው ሳህን

ለወንድም ጋሼ፣

ባለህበት ባሕር ላይ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

ይኸው ተመርቄ ሆቴል ኩሽና ገባሁልህ! አለቃዬ «ዲግሪሽ ሽንኩርት ይልጣል?» እያለ ይቀልድብኛል። እኔ ግን አያታችን ከነተረቱ ያስተማረችንን የበዓል ምግብ ሁሉ በየወቅቱ ምግብ ዝርዝሩ ውስጥ ላስገባለት አስቤያለሁ።

የዘንድሮን የአዝመራ በዓል የዱባ ሾርባ እኔ ነኝ የሠራሁት። ተረቷን ታስታውሳለህ፤ ሙታን እንፋሎቱን ስለሚበሉ ሳህናቸው ክፍት ይቀመጣል፣ የመንገደኛው ግን እስኪመጣ እንዳይቀዘቅዝ ይከደናል። እንደ ወትሮው ያንተን ከድኜ ማንኪያ ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ እማዬ ክዳኑን አንስታ፣ ሳህንህን ከአያታችን ክፍት ሳህን አጠገብ አስቀምጣዋለች። አባዬ አቀርቅሯል።

«እማዬ፣ ይቀዘቅዝበታል እኮ!» አልኳት።

«ተይው፣ ልጄ» አለችኝ።

እኔ ግን መልሼ ከደንኩት። ካለፈው አዝመራ ወዲህ ደብዳቤህ አልመጣም፤ መርከብ ላይ ፖስታ ይዘገያል፣ አይደል? ፖስታ ቤቱ ወደ ሥራ መንገዴ ላይ ስለሆነ በየቀኑ ጎራ እላለሁ። ጸሐፊው ገና ከበር ሲያየኝ ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል።

በል ወንድም ዓለሜ፣ «ጨው አብዝተሻል» ብለህም ቢሆን ስደበኝ፣ ብቻ ጻፍልኝ።

ሳህንህን እየከደነች የምትጠብቅህ፣
ታናሽ እህትህ