የጋሼ እንድሪስ የመጋዝ ምላጭ

ሰኞ

ዛሬም አልሆነችም። ቆማ ሞተሯን ሳስነሳው ደህና ናት። ወደ አባይ ድልድይ አውጥቼ ቤንዚን ስሰጣት ግን፣ ልክ ቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር መንፋት ሲጀምር ትቆራረጣለች፤ ከኋላ ትተኩሳለች። የድልድዩ ጠባቂ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። በዚህ ዘመን መንገድ ላይ ተኩስ የመሰለ ድምፅ ማሰማት ለማንም አይበጅም።

መኪናዋ ቀይ ናት፤ የስፖርት መኪና፣ ባለ ሁለት በር። ባለቤቷ ለሥራ የመጣ ጣልያናዊ መሐንዲስ ነው፤ ቅዳሜ ከተማውን ይለቃል። ካልተስተካከለች በጭነት መኪና ትጫናለች። «ካስተካከልሃት ዓርብ ቀን ያንተ ናት» ብሎኛል።

ዓርብን ለራሴ አልፈለግሁትም። ጋሼ እንድሪስን ላንሸራሽርባት ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመቱ። ልጃቸው ዘይነብ ቅዳሜ ጠዋት ወረታ፣ እሷ ቤት፣ ጠቅልላ ልትወስዳቸው ነው። ከዚያ ወዲያ መቼ እንደማገኛቸው እንጃ።

ማክሰኞ

የታየው፦
የቤንዚን ማጣሪያ፤ ተጠረገ።
የካንዴላ ገመዶች፤ ደህና።
ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሱት ካንዴላዎች፤ አራቱም ጫፋቸው ነጭ።

ከሥራ ስወጣ ጋሼ ዘንድ ሄድሁ። በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውን ወደ ጣና አዙረዋል፣ የሚያዩት ይመስል።

«የካንዴላው ጫፍ ምን መልክ አለው፣ ይበልጣል?» አሉኝ።
«ነጭ ነው። እንደ ኖራ።»
«ጠጋ ብለህ አየኸው? ፍንጥርጥር ያለ ነገር አለው?»
«አለው።»
«በል ተቃጥሏል። ሙቀት የሚይዝ ካንዴላ ነው የከተቱባት። እንዲህ ያለችው ሙቀቱን ቶሎ የሚለቅ ነው የምትፈልግ።»

«ቱርቦ በእርስዎ ጊዜ መቼ ነበረና?» አልኋቸው።
«እሳት ነበረ» አሉኝ። ሳቅን። እንዲህ ከሳቅን ስንት ጊዜያችን!

ረቡዕ

እንዲህ ያለ ካንዴላ ከየት ይምጣ? መጀመሪያ ወደቡ ሄድሁ። የሞተር ጀልባ ካንዴላ ሙቀት ይለቃል፤ ጥርሱ ግን አጭር ነው፣ ሲሊንደሩ ውስጥ አይደርስም። የመራዊው ባለታክሲ የሰጠኝ ደግሞ ያው ሙቀት ያዡ ነው።

በመጨረሻ ግሽ አባይ ሰፈር፣ አቶ ከማል የመለዋወጫ ሱቅ። ለማን እንደሆነ ስነግራቸው ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩ። በሰም ወረቀት የተጠቀለሉ አራት ካንዴላዎች ይዘው ወጡ። አዲስ፣ ጥርሳቸው ረጅም፣ ልክ የምንፈልገው ዓይነት።

«እንድሪስ ያዘዘው ነው፤ ለውድድር መኪኖቹ። ሊወስደው ሲል ጋራዡ ተወረሰ። በል ውሰድለት።»

ካንዴላዎቹን ደረት ኪሴ ከትቼ በጣና ዳር በእግሬ ተመለስሁ። የውድድር መኪኖች በዚህ ከተማ የሚያልፉበት ጊዜ ትዝ አለኝ። አቧራ ለብሰው ይመጣሉ፤ ጋሼ ብቻ ነበሩ የሚነኳቸው። አንድ ቀን አንዷን ሊሞክሩ እኔን ከጎናቸው አስቀምጠው እስከ አባይ ድልድይ ወሰዱኝ። እኔ ፈርቼ ዓይኔን ጨፈንሁ፣ እሳቸው ይዘፍናሉ። ስንመለስ ውኃው ዳር ተቀምጠን ቆሮሶ ዓሣ በላን፤ እጃችን በሞተር ግራሶ እንደተለወሰ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጋራዡ የተወረሰ ቀንም ትዝ አለኝ። ስብሰባው ላይ «ስለዚህ ሰው ደግ የሚናገር አለ?» ተብሎ ተጠየቀ። ጫማዬን አየሁ። በሳምንቱ የጋራዡ ቁልፍ ለእኔ ተሰጠ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ጋሼ አንድም ቀን አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

አዲሶቹን ከተትሁ። ያው ናት! ቱርቦው ሲነፋ ትቆራረጣለች። መሐንዲሱ መጥቶ አያት፤ ነገ ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና ይመጣል አለ።

አንገቴን ደፍቼ ጋሼ ዘንድ ሄድሁ።

«ካንዴላው አሁን ልክ ነው። የጫፉን ክፍተት ስንት አደረግኸው?»
«እንደ ልማዳችን ሰፋ አድርጌዋለሁ።»

ልማዳችን ነው። የኩፖኑ ቤንዚን ላምባ ስለሚቀላቀልበት፣ ብልጭታው ይትለቅ ብለን የሁሉንም ካንዴላ እናሰፋለን። በጋራዣችን ያልሰፋ ካንዴላ የለም። እጄ ሳላዘው ያሰፋል።

«ነፋስ ሲመጣ እሳትህን ትበትናለህ ወይስ ትሰበስባለህ?» አሉኝ። አፈርሁ። ቱርቦው ነው ነፋሱ፤ የሰፋውን ብልጭታ እፍ ብሎ ያጠፋዋል።

«ምላጭህስ?»

ድሮ ሥራ ሲያስጀምሩን ለእያንዳንዳችን የተሰበረ የብረት መጋዝ ምላጭ ይሰጡን ነበር። በካንዴላው ክፍተት ገብቶ ትንሽ ያዝ ካደረገ ልክ ነው ማለት ነው። የእኔን፣ ለጋራዡ መለኪያ ሲመጣ፣ ጣልሁት። ይህን ስነግራቸው ዘይነብ ያሰረችውን ጓዝ አስፈትተው፣ ከጋቢያቸው እጥፋት የራሳቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሆኗል።

ዓርብ

ጠዋት አራቱንም በምላጩ አጠበብሁ። ለብቻዬ ወጣሁ። ቱርቦው ነፋ፤ እሷ ሄደች! ብቻዬን ጮህሁ።

ጋሼ ሱፍ ኮታቸውን ለብሰው ጠበቁኝ። በዘንባባዎቹ መሐል ወጣን። ቤንዚን ስጨምር መቀመጫው ጀርባችንን ገፋን፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።

«አራቱም» አሉ። «አራቱም እየሠሩ ነው፣ ይበልጣል።» ከዚያ መዝፈን ጀመሩ፤ ያኔ የዘፈኑትን።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ያን ቀን ስብሰባው ላይ ዝም ያልሁት...»

እጃቸው ጉልበቴን ፈልጎ ያዘ። «ያን ቀን ብትናገር ኖሮ ዛሬ ማን ያንሸራሽረኝ ነበር?»

 ዓይኔ እንባ ስለሞላ መንገዱን ያየሁት በግድ ነው። ስንመለስ መሐንዲሱ ደጅ ቆሞ ነበር፤ ቁልፉን ሰጠሁት።

ቅዳሜ

አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። ምላጩን ልመልስ ስል ጣቶቼን አጥፈው አስጨበጡኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት ብቅ ብለው «ይበልጣል! ይሄ ሞተር አንዱን ይስታል!» ብለው ጮኹ። ሹፌሩ ተቆጣ። እውነታቸውን ነበር።

ከዚያ ጋራዥ ገባሁ። የእሳቸው መሣሪያ ይሰቀልበት የነበረው ምስማር አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ምላጩን ሰቀልሁበት። ከመንግሥት የተመደበብን ጓድ ኃላፊ አየና «ይህ ዝገት ምንድን ነው? ጣለው» አለኝ።

ሠራተኛው ሁሉ ይሰማ ነበር።

«የጋሼ እንድሪስ ነው» አልሁ። «ጋራዡም የሳቸው ነበር። ደግ ሰው ናቸው።»

አየኝ፣ ምስማሩን አየ፣ ወጣ። ሰኞ ይጠራኝ አይጠራኝ እንጃ። ምላጩ ግን ወደ ቤት ስሄድ እዚያው ነበር።