የሦስተኛው ገቢር «እኔ»

ኦክቶበር 4

ሊፍቱ ዛሬም ተበላሽቷል። ሩዝና የጨው እንቁላል ልገዛ ወርጄ ስመለስ ደረጃው መሀል ላይ ተቀመጥኩ። የአስራ አራተኛው ፎቅ ሴትዮ «ልሸከምልዎ?» አለችኝ። እጅ አለኝ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ሦስተኛውን ገቢር አነበብኩ። የሚቀየር ቃል አላገኘሁም። የጀመርኩት ልቦለድ ላይ ሁልጊዜ የሚቆረጥ ነገር አይጠፋም፤ ይህ ተውኔት ግን አልቋል። ቀን የሰው ሸሚዝ እየተኮስኩ፣ እሁድ እሁድ እየጻፍኩ ያሳለፍኩት ዕድሜ ሁሉ ለዚህ መለማመጃ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ማን ይጫወተዋል? እናቲቱን ዲየፕ። ሌላ ማን ቀረ? ከሳይጎን መድረክ ተርፈን ፓሪስ የደረስነው አንድ ክፍል እንሞላ ነበር። አሁን እሷና እኔ ነን። እሷም ሰሞኑን ቁልፏን በር ላይ እየተወች ትሄዳለች። መፍጠን አለብኝ።

ኦክቶበር 9

ኪየም አስጠራኝ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ድምፁ ወፍሯል።

«ጋሼ ቪኝ፣ በፌብሩዋሪ ለምናከብረው አዲስ ዓመታችን ዝግጅት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ። ዘፋኞች አሉ፣ የአንበሳ ጭፈራ አለ፣ ሎተሪ አለ።»

«ተውኔቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።»

«እንግዲያው የሚያስለቅሰውን ቦታ ብቻ ይምረጡልን።»

የሚያስለቅሰውን ቦታ! ሥጋ ቤት የገባ ይመስል... ጮማውን ቆርጠህ ስጠኝ። ኮፍያዬን አንስቼ ወጣሁ።

ኦክቶበር 15

ሶሌን ክዋች የምትባል አዘጋጅ ደወለች። አባቷ የእኛው ሰው ነው። እሷ ግን ከቋንቋችን የምታውቀው የምግብ ስም ብቻ ነው። ተውኔቱን አባቷ ቁጭ ብሎ አንብቦላታል፤ አለቀስኩ አለችኝ። እውነተኛ ቲያትር ቤት አላት። በማርች ታሳየዋለች፣ በፈረንሳይኛ። እናቲቱን ዲየፕ እንድትጫወትላት ትፈልጋለች፤ አንድ ጊዜ ሰምታት የፈረንሳይኛ አነጋገሯን ቅላጼ ወዳዋለች።

ዲየፕ ስትሰማ አጨበጨበች።

«መብራት አለው? መጋረጃስ? እውነተኛ መጋረጃ?»

«በፈረንሳይኛ ነው» አልኳት።

«ታዲያስ? ያንን ሁሉ ዓመት የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ሲቆጡኝ የነበረው በምን ቋንቋ ነው?»

ሳቀች። ስትስቅ አሁንም የመድረክ ሴት ናት። ትርጉሙን ልይ አልኩ። ካላየሁ እሺ አልልም።

ኦክቶበር 27

ትርጉሙ ደረሰ። መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። ፈረንሳይኛውን ራሴ ነኝ ያስተማርኩት፤ ማንም ትምህርት ቤት ስላልሰጠኝ ማንም አይወስድብኝም። እስከ ሁለተኛው ገቢር መጥፎ አይደለም። ሦስተኛው ላይ ግን ምንም የለም። ባዶ!

ሶሌንን ካፌ ውስጥ አገኘኋትና ገጹን በጣቴ መታሁት።

«በእኛ ቋንቋ ልጅ ለእናቱ "እኔ" አይልም። "ልጅዎ ራበው" ነው የሚላት፣ "ልጅዎ ሊሄድ ነው"። የእኔ ሰውዬ በመጀመሪያው ገቢር እንዲህ እያለ ከቤት ይወጣል። በሦስተኛው አርጅቶ ይመለስና በሩ ላይ ቆሞ "እኔ ውሃ ጠማኝ" ይላታል። እኔ! አለቀ። እናትየው ወንበር ትስብና "ይቀመጡ፣ ጌታዬ" ትለዋለች። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ሁለት እንግዶች ይከባበራሉ። ተውኔቱ ይኸው ነው።»

«ገባኝ።»

«አልገባሽም። በፈረንሳይኛሽ "እኔ" የሁሉም ነው። ንጉሡም እኔ፣ ሕፃኑም እኔ።»

«እናቱን "እርስዎ" ቢላትስ?»

«እርስዎ ክብር ነው። ይህ በር መዝጋት ነው።»

«ቃሏን ብቻ በቬትናምኛ እንተዋት?»

«ሰዉ ተዋናዩ ያስነጠሰ ይመስለዋል።»

ሻዩን በማንኪያ ስታማስል ቆየች። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ አባባ?» አለችኝ። «አባባ»ን በቋንቋችን ነው ያለችው፤ በእኛ ግን ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል ትርጉሙ ይለወጣል፣ ድምፁን ጥላው ሌላ ቃል ሆነባት።

«ቋንቋሽን ተማሪ።»

ሒሳቡን ከፍላ ሄደች።

ኖቬምበር 3

ዲየፕ ጋ ሄድኩ። ጎደሬ እየላጠች ነበር።

«ሶሌን ደውላልኛለች» አለች ቀና ሳትል። «ጋሼ፣ የምጠይቅህ መድረክ ላይ እንድቆም ነው። በፈረንሳይኛም ይሁን፣ በውሻ ቋንቋ።»

«በፈረንሳይኛ በቀቀን ነው የምትሆኚው።»

 አንድ ጎደሬ ልጣ ጨረሰች፣ ሌላ አነሳች።

«እኔ ከዚህ በኋላ ስንት ማርች ያለኝ ይመስልሃል?»

«ተውኔቱ...»

«ተውኔቱ አያረጅም። ድሮም ግትር ነህ። ለአንድ ቃል ብለህ ቤቱን ታቃጥላለህ።»

ይቃጠል አልኳት። ሳታበላኝ ሸኘችኝ። ይህ ደርሶብኝ አያውቅም።

ኖቬምበር 10

ለሶሌን ደወልኩና እምቢ አልኩ። «እንደፈለጉ» አለች። ቶሎ አለችው... ሌላ ተውኔት ይዛ ነበር ማለት ነው?

ኖቬምበር 24

ወደ ኪየም ተመለስኩ። ግማሽ ሰዓቱን ተቀበልኩ። ሦስተኛው ገቢር ብቻ፣ በእኛው ቋንቋ፣ ምንም ሳይነካ። ኪየም ፈገግ አለ፤ ይበል። ዝግጅቱ የት እንደሚሆን ስነግራት ዲየፕ «የስፖርት አዳራሽ?» አለች። ግን እሺ ብላለች።

ልጅየውን ቲየን ይጫወታል፤ መነጽር ቤት ያለው ሰው ነው። እዚህ የተወለደ ነው፣ ቋንቋው ግን ጥርት ያለ ነው። እናቱ ቤት ውስጥ ፈረንሳይኛ ለተናገረ ራት ከልክላ ነው ያሳደገችው። እንደዚህች ሴት አስር ቢኖሩን ኖሮ...

ዲሴምበር 8

ልምምድ። ቲየን «እኔ» የምትለዋ ቃል ጋ ሲደርስ ፊቱ ይቀላል፣ ይውጣታል። ደጋግሞ እንዲላት አደረግኩት። እናቱ ጥግ ተቀምጣ ትመለከት ነበር።

«ጋሼ ቪኝ፣ ደግ ሰው ይመስሉኝ ነበር። ልጄ ለእናቱ "እኔ" እንዲል ነው የሚያሠለጥኑት?»

«ተውኔት ነው፣ እመቤት።»

«ተውኔትም ቢሆን አፉ ይለምዳል። ነገ እኔን "እኔ" ቢለኝ እርስዎ ጋ ነው የምልከው። እርስዎ ያብሉት።»

ሁሉም ሳቀ። ዲየፕ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ከዚያ ቃለ ተውኔቷን ጀምራ መሀል ላይ ቆመች፤ ከየት እንደምትቀጥል ጠፋት። ከኋላዋ ሆኜ አቀበልኳት። የመጀመሪያውን ቃል ከሰጧት የቀረውን አንድ ፊደል ሳትስት ትወርደዋለች።

ጃንዋሪ 13

ዲየፕ «ይሄ ልጅ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የትኛው? «በሩ ላይ የሚቆመው።» ቲየን ነው አልኳት። «እሱን አላልኩህም» አለች። እንግዲያው ማንን ነው ያለችው?

ጃንዋሪ 28

ቲየን ዛሬ ቃሏን አወጣት። ጮክ ብሎ፣ ደረቅ አድርጎ። ክፍሉ በረደኝ። እንዲህ ነው! እንዲህ ነው የጻፍኩት።

ፌብሩዋሪ 18

መጻፍ አያሰኘኝም። ቢሆንም ይጻፍ።

አዳራሹ ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ የአንበሳው ከበሮ ገና ጆሯችን ውስጥ ነው። ዲየፕ ቡናማውን የገጠር ልብስ ለብሳ ገባች። ተራመደች ብቻ። አዳራሹ ጸጥ አለ። በዚህ ዕድሜዋ!

ቲየን በሩ ጋ ቆመ። ዲየፕ ዞራ አየችው። እንደዚያ አድርጋ በልምምድ አይታው አታውቅም። ልጁ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ላቡ አገጩ ድረስ ወረደ።

«እናቴ... ልጅዎ ውሃ ጠማው።»

ልጅዎ!

ወንበሩ እንደቆመ ቀረ። እኔ ከጎን ሆኜ «ይቀመጡ፣ ጌታዬ! ይቀመጡ፣ ጌታዬ!» እላለሁ። ሰምታኛለች፣ እርግጠኛ ነኝ። ሄዳ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ያዘች።

«መጣህ? ምነው ከሳህብኝ? ና ብላ፣ ቀዝቅዟል።»

ይህን እኔ አልጻፍኩም። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም! የቀረው ሁሉ ሳይባል ቀረ። ሰዉ እያለቀሰ ተነስቶ አጨበጨበ። የሎተሪ ሻጯ ሳትቀር አለቀሰች።

ቲየን ራቱን የተከለከለ ልጅ መስሎ መጣ። «ይቅርታ ጋሼ። ፊቷን ሳይ አልወጣልህ አለኝ። አሮጊት ናት እኮ! እንዴት ብዬ?» እናቱ ከኋላ ሆና ጀርባውን ትደባብሳለች። «ጎበዝ የኔ ልጅ። ጎበዝ።» ኪየም ደግሞ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ «ጋሼ ቪኝ፣ በመጨረሻ ልብ የሚያሞቅ ነገር ጻፉልን!» አለኝ።

ዲየፕ «ጥሩ ነበርኩ፣ አይደል?» አለችኝ። ኮቷን ደረብኩላት። 

ፌብሩዋሪ 19

ዝናብ። ምንም አልጻፍኩም።

ማርች 12

ዲየፕ ጋዙን ከፍታ ወጥታለች። ጎረቤት ባይደርስ ኖሮ... የወንድሟ ልጅ ከከተማ ውጭ ያለ የአረጋውያን ቤት አስገባት። ቋንቋችንን የሚናገር አንድ ሰው እዚያ የለም። የወንድሟ ልጅ «ፈረንሳይኛ ትችላለች እኮ» አለኝ።

ማርች 30

ለሶሌን ደወልኩ። በፈረንሳይኛ ይሁን አልኳት። ምን ነካኝ? «እኔ» የምትለዋ ቃል ሞታለች። ፈረንሳይኛ ገደላት እንዳልል፣ የገደላት ጨዋ አድርገን ያሳደግነው ልጅ ነው። የምጠብቀው ነገር የለም። እንግዲህ ቢያንስ ዲየፕ መብራት ታግኝ።

ሶሌን ደስ አላት። ቲያትር ቤቱ ለመጸው ክፍት ነው አለች። «ማዳም ዲየፕስ እሺ ይላሉ?» ለእሷ እኔ እነግራታለሁ አልኩ።

ኤፕሪል 6

ሄጄ ነገርኳት። «በመጸው መድረክ ላይ ትቆሚያለሽ። መጋረጃ አለው።»

ጸጉሯን በእጇ አስተካከለች። «ማን ጻፈው?»

«እኔ። በፈረንሳይኛ ነው ግን።»

«የምን ፈረንሳይኛ?»

ከትርጉሙ የእናቲቱን የመጀመሪያ መስመር በቃሌ አልኩላት። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝ። «ቻይንኛ ነው?» አለች።

ፋቱማታ የምትባለው አስታማሚ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። እዚህ ስትገባ ትንሽ ትንሽ ትመልስላቸው ነበር። ከዚያ ጠፋት። ሲያናግሯት እንደ ቴሌቪዥን ታያቸዋለች። «ሐኪሙ ኋላ የተማሩት ነው አስቀድሞ የሚሄደው ብሎናል» አለችኝ። «የልጅነቱ ይቀራል።»

ይቀራል... ለማን?

ለሶሌን ስነግራት ሌላ ተዋናይት እፈልጋለሁ አለች። ፈልጊ አልኳት። ተውኔቱ የራሱ ጉዳይ ነው።

ኤፕሪል 20

ፋቱማታ ለመነችኝ። «ጥርሷን አሟት ሰንብቶ ማናችንም አላወቅንም። ጥቂት ቃል ይጻፉልን፣ አንብበን የምንላትን።»

ጠዋቱን ሙሉ ካርቶን ላይ ስጽፍ ዋልኩ። ከላይ በቋንቋችን፣ ከሥር ፈረንሳይኛ አንባቢ እንዲጠራው በፈረንሳይኛ አጻጻፍ። ውሃ። ብርድ። ሾርባ። የት ያምዎታል? ወዲያው አንድ ነገር ያዘኝ፤ አስታማሚዎቹ ራሳቸውን ምን ብለው ይጥሩ? «እኔ» ካሉ እንግዶች ይሆኑባታል፤ ሆቴል ያለች ይመስላታል። «ልጅዎ» ብዬ ጻፍኩ። ፋቱማታ ራሷ አያት ናት። ይሁን።

ልቦለዱን ለሁለት ወር አልከፈትኩትም።

ሜይ 4

ካርቶኖቹ አልጋዋ አጠገብ ተለጥፈዋል። ፋቱማታ እያነበበች ትሞክራለች። ድምፁን መጣል ያለባት ቦታ ታነሳለች፣ ማንሳት ያለባት ቦታ ትጥላለች፤ ሾርባው ሾርባ መሆኑ ይቀራል። ዲየፕ በትዕግሥት ትሰማና ፊቷን ወደ መስኮት ታዞራለች። ሾርባው ይቀዘቅዛል።

ዛሬ ተነስታ አንዱን ካርቶን ከግድግዳው ላቀቀችው። ክንዷን ዘርግታ ራቅ አድርጋ ያዘችው። ትከሻዋ ቀና አለ።

«እናቴ፣ ልጅዎ ሾርባ አምጥታለች። ትኩስ ነው።»

ያ ድምፅ! ኮሪደሩ ላይ ጋሪ የምትገፋው ሴት ቆመች። ዲየፕ ካርቶኑን ገልብጣ ጀርባውን አየች። የሚቀጥል ነገር ፈለገች። ባዶ ነው።

«ማነው የጻፈው?»

«ለምን?» አልኳት።

«ጸብ የለበትም። ሾርባ አመጣች፣ እሺ፣ ከዚያስ? ሰው ይሄን ብሎ ትኬት አይገዛም።» ካርቶኑን ሰጠችኝ። «ታውቀዋለህ እንዴ ጸሐፊውን?»

«አውቀዋለሁ።»

«ንገረው። ገና ጀማሪ ነው፣ ይሠራበት በለው።»

እነግረዋለሁ አልኳት።