ድራምህን አልቀደድኩትም

ልጄ ዮናስ፣

ካጣሁህ ሁለት ክረምት አለፈ። ከሁሉ በፊት አንድ ወሬ ላርም። ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ሱዳን ባለው ቤተ ክርስቲያናችን በር የሚቆሙት ሴቶች፣ «እትዬ ወለላ የልጃቸውን ድራም በወጥ ቤት ቢላ ተረተሩት፤ ኀዘኑ አሳብዷቸዋል» ይላሉ አሉ። ሐሰት ነው። ድራምህን የቀደደው ወታደር ነው፣ በሳንጃ። እኔ የሰበርኩት የወታደሩን እጅ ነው፣ በዘነዘና። ካወሩ አይቀር በትክክል ያውሩት።

የባንዳችሁን ሙዚቃ አልወደድኩትም፤ ሞተሃል ብዬ አሁን ወደድኩት አልልህም። አርብ አርብ ዘፋኛችሁ ዘሃራ ሪያድ ሰፈር በቤት ሠራተኝነት ከምትሠራበት ቪላ ዕረፍት ስትወጣ፣ ሳሙና የበላውን እጇን እያራገበች በጓሮው ክፍል ትጮኻለች። ሐቲም ጊታሩን እንደ ባላንጣ ያንቀዋል። አንተ የሰፈራችን የሐጅ ዩሱፍ ውሻ ሁሉ እስኪያላዝን ትደበድባለህ። «ፓንክ ይባላል፣ እማ» አልከኝ። እኔን ያስተማሩኝ መነኮሳት ከመዝሙር በፊት ጣታችንን በማስመሪያ ይገርፉን ነበር። እናንተ ከዘፈን በፊት እርስ በርስ ትሰዳደቡ ነበር። በሰዓቱ ካልጀመራችሁ ክፍሉን እቆልፋለሁ ስላልኩ ግን በሰዓቱ ትጀምሩ ነበር።

ከዚያ «ከሻ»፣ አፈሳ ያላችሁት ዘፈን መጣ። ፖሊስ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለውን ሰው ከመንገድ አፍሶ መኪና ላይ ሲወረውር ዘሃራ አንድ ቀን አብራ ታፍሳ ጀርባዋን ተገርፋ ነበር። ያንን ጅራፍ ግማሹን በአረብኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ጮኸችው። ዘፈኑ ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀዳ ከተማው ማዶ እስከ ካፉሪ ሰፈር ደረሰ። የሪክሻ ነጂዎች «የከሻ እናት፣ ያላ ግቢ!» እያሉ በነጻ ይጭኑኝ ጀመር። ሐቲም ግን ግርፋቱን ያዘዘውን መኮንን ስም ግጥሙ ውስጥ ከተተ። ዘሃራ ስሙ ይውጣ አለች። አንተ ይቆይ አልክ። ቆየ።

ብዙም ሳይቆይ ወታደሮች የግቢውን በር በመኪና ገጭተው ገቡ። ሐቲምን አፉ ደም እስኪሞላ በቦት ረገጡት። ዘሃራን በጸጉሯ ጎትተው ከግድግዳ ጋር አላተሟት። አንደኛው ድራምህን በሳንጃ ተርትሮ ሲጨርስ ወደ አንተ ዞረ። በርበሬ የምወቅጥበትን ዘነዘና የእጁ አንጓ ላይ ያሳረፍኩት ያኔ ነው፤ ሲሰበር ሰማሁት። ሌላው በሰደፍ መንጋጋዬን መታኝ። አዲስ ቆዳ ስላጣህ፣ ሆስፒታል መንጋጋዬ የተነሳበትን ራጅ በድራሙ አፍ ላይ ወጠርከው። «አሁን አንቺም የባንዱ አባል ነሽ» ብለህ ሳቅህ። አፌ በሽቦ ስለታሰረ በእጄ ሰደብኩህ።

ሕዝቡ ለተቃውሞ ሲወጣ ድራሙን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ከፊት ሄድክ። የወታደሮቹ ጥይት ከጉሮሮህ በታች ገብቶ በጀርባህ ወጣ። ያጠብኩህ እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

ለቅሶህ ላይ የሆነውን አላየህም። ሐቲም በሱዳኖች ልማድ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ «አል-ፋቲሓ» ብሎ የሙታኑን ጸሎት ጀመረ። ዘሃራም ከውስጥ መዳፏን ዘረጋች። በዚያ ሰሞን ከአገር ቤት በመተማ የገቡ፣ ልማዱን የማያውቁ ልጆች ሁለቱን ፊት ለፊት እጃቸውን እንዳነሱ ሲያዩ መሣሪያ የተደገነባቸው መሰላቸውና «ከሻ!» ብለው ጮኹ። ኢቃማ የሌለው ለቀስተኛ በሙሉ ባንዴ ተነሳ። ድንኳኑ በላያችን ወደቀ፤ ምሰሶው የእድሩን ዳኛ ግንባር ፈነከተው። ሰው በሸራው ላይ ሲረግጠኝ ላንተ አላለቀስኩም፣ እየተራገምኩ ነበር። ዘሃራ ከሸራው ስር ወጥታ ሐቲምን በጥፊ አጮለችው። «የመኮንኑን ስም ከግጥሙ አውጣ አላልኩህም? አንተ ነህ የገደልከው!» አለችው። እሱም በቡጢ መለሰላት፤ ጥርሷ ከነደሙ አሸዋው ላይ ወደቀ። ባንዱ እዚያው ፈረሰ።

ሐቲም ወደ ግብፅ ተሻገረ። ዘሃራ አሁንም አርብ አርብ ትጠይቀኛለች። ስሙ ይቆይ ያለው ዮናስ ነው ብዬ ነገርኳት። «አውቃለሁ፣ እማማ፤ የሞተን ሰው በምን ልምታው?» አለችኝ።

ክፍልህን ጠርጌ ዘግቼዋለሁ። ዘፈናችሁ ግን አልተዘጋም። ሦስት የሰፈሩ ልጃገረዶች «ከሻ»ን በራሳቸው ግጥም ይጫወቱታል። መቺያቸው ሱላፍ ናት፤ እናቷ ሲት ሐዋ መንገዳችን ጥግ ላይ ሻይ ትሸጣለች። የውሃ ጀሪካን ነው የምትደበድበው። ድራምህን ደጋግማ ለመነችኝ፣ ደጋግሜ እምቢ አልኩ። ወሬውም የተነሣው ከዚህ ነው፤ ድራሙ ቢኖርማ ትሰጣት ነበር ብለው። ድራሙ አለ፤ ከሬሳህ ጋር አመጡልኝ። የከለከልኳት አንድ ልጅ አንጠልጥሎት ወጥቶ ስላልተመለሰልኝ ነው።

ትናንት ግን ጀሪካኑን በገመድ አንገቷ ላይ አስራ ስትለማመድ አየኋት። አርብ ሰልፍ አለ፣ እወጣለሁ አለችኝ። እናትሽ ታውቃለች? ብላት፣ «ስፌት ልማር ነው የምሄደው ብያታለሁ፣ ኻልቲ» ብላ እንደ አክስቷ አቆላምጣ ሳቀችብኝ። ድራሙን ብደብቅም ልጅቷን ከጥይት አልደበቅኳትም ማለት ነው።

አንተን አልረሳህም፤ ሳስታውስህም አላሳምርህም። ግትር ነበርክ፣ ፈጥነህ ትመታ ነበር፣ ደፋር ነበርክ። እንዲሁ እይዝሃለሁ።

ነገ መጀመሪያ የምሠራው ይህን ነው። ፊቴን ታጥቤ፣ ሱላፍ ሳትነቃ ሲት ሐዋ ምድጃዋን ስታቀጣጥል እደርሳለሁ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ፣ ልጅሽ ስፌት አትማርም እላታለሁ። አርብ ወዴት እንደምትሄድ እነግራታለሁ። አንተ እንዴት እንደሞትክ ሳላለዝብ እነግራታለሁ። መልሱ የእናቷ ነው። ትሂድ ካለች ድራሙን ራሴ ተሸክሜ አመጣላታለሁ። አትሄድም ካለች፣ ልጅቷ ብትሰድበንም፣ አርብ ከእናቷ ጋር በሩ ላይ ቆሜ እይዛታለሁ።

እናትህ ወለላ