ካፖርትሽን ለብሰው የፈረዱብኝ ሽማግሌ

ገቡ! እታለም፣ አንቺን ይንሳኝ፣ ገቡልሽ! ሰዓት ሠሪው ከአውቶቡስ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ተነሥተው እኛ ፎቅ ሥር ያለችው ክፍል ገቡ! ትናንት ማታ በገዛ ቁልፋቸው ቆልፈው ተኙ።

ይኸው፣ ደስታዬ ሰላምታዬን ቀድሞት ወጣ። አሁን ልመለስና፦ እንደምን ከርመሻል የእናቴ ልጅ? ደረጃ ስትወጪ ይንቋቋል ያልሽኝ ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ዝም አለ ወይስ እንደ እኔ ለፍላፊ ሆኖ ቀረ? ባልሽንስ ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ? እኛ ጤና ሞልቶናል፤ የጎደልሽን አንቺ ብቻ ነሽ። ባሌም ደህና ነው፣ ማኩረፉን ካልቆጠርሽበት። ለምን እንዳኮረፈ ትደርሺበታለሽ፣ ታገሺኝ።

ባለፈው እንደጻፍኩልሽ፣ እኛ አምስት የሰፈር ሴቶች ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ሻይ በፔርሙስ ይዘን፣ ቤት አጥተው ደጅ የሚያድሩ አረጋውያንን እየዞርን እንጠይቃለን። አንዷ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ እሷ የደም ግፊት ትለካለች፣ እኔ ወሬ እለካለሁ። ሰዓት ሠሪው ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሱቃቸው ያለበት ሕንፃ ሲፈርስ ከሱቁ ጀርባ ያለችው መኝታቸውም አብራ ፈረሰች፤ ከዚያ ወዲህ ጣቢያው ናቸው። ግን አንድ ቀን ቤት የለኝም ብለው አያውቁም። መንገደኛ ነኝ፣ መኪናዬ ዘግይቶብኝ ነው ይላሉ። ሦስት ዓመት! የሰዓት ሠሪ መኪና እንዲህ ሲዘገይ የት ታይቷል?

ክፍሏን ያገኘንላቸው ዕለት የማመልከቻውን ቅጽ ይዤላቸው ብሄድ፣ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና፣ “ይሄማ ለአረጋውያን ነው የሚለው፤ ሂጂ ለሽማግሌዎች ስጪላቸው” ብለው መለሱልኝ። የቤቱ ባለቤት ደግሞ እስከ ቅዳሜ ሰው ካልገባባት የቀለም ማስቀመጫ አደርጋታለሁ ብሏል። ዝናቡ ጀምሯል፣ ደረታቸው ያፏጫል። ነርሷም ይህን ክረምት ደጅ እያደሩ የሚወጡት አይመስለኝም ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። እንቅልፍ አጣሁልሽ።

በኋላ አንድ ነገር ታየኝ። እኚህ ሰው ልርዳዎት ሲሏቸው ይሸሻሉ እንጂ እርዱኝ ሲሏቸው እምቢ ማለት አያውቁም። ጣቢያው ውስጥ ሾፌሮች ሲጣሉ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ባሌን ና እንጣላ አልኩት። በምን? አለኝ። በፈለግኸው፤ ብቻ ሊያስታርቁን ይምጡ፣ ክፍሏን ይዩዋት፣ እግራቸው ይልመድ አልኩት። እሱ ሳህን አላጥብም ብሎ እንዲያስቸግር ተስማማን። ለዚህ እንኳ ልምምድ አላስፈለገውም።

ሐሙስ ዕለት ጣቢያ ሄጄ ትዳሬ ሊፈርስ ነው ብዬ አለቀስኩ። መሐረቤ ውስጥ ሽንኩርት ነበረ። ሰዓት ሠሪው ቦርሳቸውን ለትኬት ቆራጯ አደራ ሰጥተው፣ “መኪናዬ ከመጣ አስቁሚልኝ” ብለው ተከተሉኝ።

ሳሎናችን ገብተው የዝናብ ልብሳቸውን እንኳ ሳያወልቁ ተቀመጡ። ባሌ የሳህኑን ነገር ጀመረ፣ ጥሩ አድርጎም ጀመረ። ታዲያ ሰሚ ሲያገኝ ጊዜ የእውነት ብሶቱ ተቀሰቀሰና፣ “አባባ፣ የሳህኑስ ይቅር። እህቷ ከሩቅ የላከችልኝ ካፖርት ከቁም ሳጥኔ ጠፋ። ብል በላው ትለኛለች። ለመሆኑ ብል ካፖርት ከነኪሱ፣ ከነቁልፉ ይበላል?” አይልልሽም!

እታለም፣ ላንቺም መናዘዜ ነው፤ ያን ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት የሰጠሁት ለሰዓት ሠሪው ነበር። የሰው ነው ብላቸው አይቀበሉኝም፤ ባለቤት የለውም ብዬ ዋሸኋቸው። ሰዓት ሠሪው ቀስ ብለው የዝናብ ልብሳቸውን ፈቱ። ካፖርትሽ ከነአምስት ቁልፉ ብቅ አለ። ባሌ ካፖርቱን አየ፤ እኔን አየ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

አውልቀው፣ አጥፈው፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና በሸሚዝ ብቻ ተነሡ። የሰው ልብስ ለብሼ ሰው አላስታርቅም አሉ። አለቀልኝ፣ በብልጠቴ ሰውዬውን ገደልኳቸው አልኩ፤ ያን ጊዜ ያለቀስኩት ያለ ሽንኩርት ነው። ያተረፈኝ ባሌ ነው። ሄዶ በሩ ላይ ቆመና፣ “አባባ፣ ፍርዱን ሳይጨርስ የሚወጣ ዳኛ አለ እንዴ? ካፖርቱማ ትከሻው ጠቦኝ አንድም ቀን አልለበስኩት፤ እኔን ያቃጠለኝ ውሸቷ ነው” አላቸው።

ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ስለዋሸሁ ሁለቱንም ይቅርታ እንድጠይቅ፣ እሱ ደግሞ ለማይለብሰው ልብስ ይህን ሁሉ ስላንጫጫ አንድ ወር ሙሉ ሳህን እንዲያጥብ ፈረዱ። ኩርፊያው ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያ አየት አደረጉንና፣ “እናንተ ደግሞ ለብቻችሁ የምትተዉ ሰዎች አይደላችሁም፤ ቅርብ ሆኖ የሚያያችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል። ያቺ የታችኛዋ ክፍል ተይዛለች?” አሉ። አፌን በእጄ ያዝኩ። ባሌ ቅጽ መሙላት ይጠይቃል አላቸው። ዕድሜ በሚለው ላይ ሰባ ሁለት ብለው ጻፉ፤ ሁለቷን ዓመት ዝም ብዬ ዋጥኳት። ምክንያት በሚለው ላይ “ባልና ሚስት ለመጠበቅ” አሉ። ሲወጡ ባሌ ራሱ ካፖርቱን አለበሳቸው።

ትናንት ቦርሳቸውን ልናመጣ አብረን ስንሄድ ትኬት ቆራጯ፣ መኪናዎ መጣ እንዴ? አለቻቸው። “አይ፣ ሰርዤዋለሁ” አሏት።

ባልሽን ሳሉን ትቶ እንዲሰነብት ሳሚልኝ። ትልቋን ልጅሽን አክስትሽ ፎቶሽን በር ላይ ለጥፋዋለች በያት። መንትዮቹን እኩል እኩል ሳሚልኝ፣ ኋላ እንዳይጣሉ፤ አስታራቂያችን ሥራ በዝቶባቸዋል። ለአማትሽ ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ።

የምትወድሽ ታናሽሽ
ባሌ ሳህን ሲያጥብ እያየሁ፣ ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ
ቅዳሜ፣ ሰኔ ሃያ አንድ

ውይ ቀኑን! ይህን ሁሉ ለፍልፌ ቀኑን ሳልነግርሽ ላሽገው ነበር። ሰዓት ሠሪው የካፖርቱ ላኪ ሳትመጣ ቤቴ አይመረቅም ብለዋል። ጣቢያ ወጥተው የሚቀበሏችሁም እሳቸው ናቸው፤ ያ ሦስት ዓመት የጠበቅኩት መኪና ይሄ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንግዲህ ጉልበቴ፣ ሥራዬ ማለት የለም፤ ሁላችሁም፣ አማትሽም ጭምር፣ እሁድ ሐምሌ ስድስት፣ ልክ በስድስት ሰዓት!